ያለ መርፌ የተደፈነ ቀዳዳ

ግንቦት ፲፪ ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ፤ ይኸው በገዛ እጄ እየጻፍኩልሽ ነው፣ መስመሩም አልተጣመመም።

ቀዶ ጥገናው ሊደርስ ሲል ሐኪሙ ዓይኔን እንደገና ፎቶ አስነሣኝ። መሣሪያውን የያዘችው ልጅ አገጬን መደገፊያው ላይ አስቀምጣ፣ «እማማ፣ አረንጓዴዋን ብርሃን ብቻ ይዩ፤ እንዳይንቀሳቀሱ» አለችኝ። እኔን! ዕድሜዬን ሙሉ ክፍል ሙሉ ልጅ ጸጥ አሰኝቼ የኖርኩትን!

ከዚያ ሐኪሙ የድሮውንና የአሁኑን ምስል ጎን ለጎን አሳየኝ። ከዓይኔ ጀርባ ያለው ስስ ሽፋን እንደ ተነባበረ ጨርቅ ነው። በፊተኛው ምስል መካከሉ ላይ እንደ ገደል የተከፈተ ቀዳዳ አለ። በአዲሱ ግን የገደሉ አፋፎች ገጥመዋል። «ሲጎትተው የነበረው ነገር ራሱ ለቀቀው፤ አልፎ አልፎ እንዲህ ያጋጥማል። ቀዶ ጥገናው ይቅር» አለኝ። ጎብጦ ይታየኝ የነበረውን የበሩን መቃን ዞሬ አየሁት፤ ቀጥ ብሏል።

ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ስደርስ፣ ልታስታምሚኝ የቆረጥሽው ትኬት ትዝ አለኝ።

ታች ቤት ያለችውን ልብስ ሰፊ ታስታውሻታለሽ። እሷም እንደኔው ዓይኗ ተቀድዶ ነበር፤ የሷ አልገጥም ብሎ ባለፈው ሳምንት ቀዶ ጥገና ተደረገላት። ዓይኗ ውስጥ የሞሉት አየር ቀዳዳውን እንዲጫነው ቀን ከሌት ተደፍታ መዋል አለባት። ልጠይቃት ሄድኩ፤ የመዳኔ ወሬ ቀድሞኝ ደርሷል። ልጇ ባሕር ተሻግራ መጥታለች። እናቲቱ ፊቷን ከአልጋው ጫፍ አውጥታ ተደፍታለች፤ ልጅቱ ወለሉ ላይ በጀርባዋ ተንጋላ፣ ከታች ሽቅብ እያየቻት ጋዜጣ ታነብላታለች። ንባቧ ደግሞ! አራት ነጥብ ላይ እንኳ አትቆምም። የኔ ተማሪ ብትሆን ከመጀመሪያው አስደግማት ነበር።

«ይህ የተወለወለ ጫማ ያንቺ መሆን አለበት» አለች ሰፊዋ፣ ከጫማዬ በላይ አይታያትምና። «አንቺ ዕድለኛ! እኔ የሰውን ቀዳዳ ስጥፍ ኖሬ የራሴን በቢላዋ አስጣፍኩ፤ ያንቺው በገዛ ራሱ ተደፈነ። እንዴት አልቅና?»

«ቅኚ፣ ማን ከለከለሽ» አልኳት።

ሁለቱም ሳቁ። እናቲቱ ስትስቅ እንባዋ የልጅቱ ግንባር ላይ ጠብ አለ፤ ልጅቱም ሳትጠርገው ንባቧን ቀጠለች። ያ የዳነው ዓይኔ ይህን ሁሉ አጥርቶ አሳየኝ። አንገበገበኝ፣ ልጄ። ቤቴ ገብቼ ራት አልበላሁም።

እኔም እኮ ተዘጋጅቼ ነበር። ትንሹን ምንጣፍ አሳጥቤ ከአልጋዬ ሥር አንጥፌዋለሁ፤ የምታነቢልኝንም መጽሐፍ መርጫለሁ።

እንግዲህ ዓይኔ ስለዳነ የመምጣትሽ ምክንያት ቀርቷል። እውነቱን መጻፍ ይገባኛል፣ ጽፌዋለሁ። ሐኪሙ ግን «አንዳንዱ ተመልሶ ይከፈታል፤ እየመጡ ይታዩ» ብሎኛል። ክፉ አልመኝም፣ እንዲያ አላደግሁም። ብቻ እንዳለ ይድረስሽ ብዬ ነው። ምንጣፉንም አላነሣሁትም።

እጅሽ የነካው ሁሉ ይለምልም። ከሰው ዓይን ይሰውርሽ። መንገድሽን ያቅናልሽ።

እናትሽ

በደብዳቤው ውስጥ ስሕተት ካገኘሽ ምልክት አድርጊበትና ይዘሽው ነይ፤ ከእንግዲህ በዓይኔ ማሳበብ አልችልም።