የሹፌሩን ግራናይት የጠገንን ዕለት

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽ እንዴት ነው? የትምህርት ቤቱን ደረጃ ስትወጪና ስትወርጂ ዛሬም ይይዝሻል ወይስ ሐኪሙ ያዘዘልሽ መታጠቂያ ረዳሽ? እማዬስ እንደምን ናት? ዓይኗ ከታከመ ወዲህ ክሩን ራሷ በመርፌው ቀዳዳ ታስገባለች ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር፤ እንዲያ ከሆነማ እሰየው ነው። ባለቤትሽ ደህና ነው? ያ ደረቅ ሳሉ ለቀቀው? ትልቋ ልጅሽ ፈተናዋን እንዴት አደረገችው? ትንሹስ አሁንም የግራውን ጫማ በቀኝ እያደረገ ይሮጣል? እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራ እገባለሁ። ባለቤቴም እየተሻላት ነው። ከምን እየተሻላት እንደሆነ ግን አልነገርኳችሁም፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለዚሁ ነው።

የኔን ደብዳቤ ሁልጊዜ ለእማዬ ጮክ ብለሽ እንደምታነቢላት አውቃለሁ። ይህንን ግን መጀመሪያ ብቻሽን አንብቢው። ከዚያ በኋላ እንዴት እንደምትነግሪያት አንቺ ታውቂበታለሽ። እኔ በስልክ ሦስት ጊዜ ልነግራት ሞክሬ ሦስቴም ዋሽቻታለሁ። "ምራቴ እንዴት ናት? ሆዷ ገፋ?" ስትለኝ "ደህና ናት፣ ተኝታለች" እላታለሁ። "ትተኛ፣ እንቅልፍ ለሁለቱም ጥሩ ነው" ትለኛለች። ከዚያ ስልኩን ዘግቼ ሥራዬን እቀጥላለሁ።

ልጃችን ሞታ ተወለደች። ሴት ነበረች። ሰባት ሳምንት ሆነ።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ስምንተኛ ወሯን እንደያዘች አንድ ማክሰኞ ጠዋት ባለቤቴ "ከትናንት ጀምሮ አልተንቀሳቀሰችም" አለችኝ። ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሟ መሣሪያውን ሆዷ ላይ ወዲያና ወዲህ አደረገች፣ ሌላ ሐኪም ጠራች፣ እሱም እንደዚያው አደረገ። ከዚያ የልጃችን ልብ እንደማይመታ ነገሩን። ያን ሲነግሩን እኔ የማየው ሐኪሞቹ እጃቸውን የሚታጠቡበትን ቦታ ነበር። ዙሪያው ግራናይት ነው። ጠርዙ አንድ ቦታ ላይ ተሸርፎ ኖሮ በሙጫ ተሞልቷል፤ የተሞላበት ግን ቢጫ ሆኗል። "ይሄን የሠራው ሰው ማጠንከሪያውን አብዝቶበታል" ብዬ አሰብኩ። ይህን ላንቺ ካልሆነ ለማንም አልነግርም። ልጄ መሞቷ እየተነገረኝ እኔ የማስበው ስለ ሙጫ ነበር።

ባለቤቴ ብዙ ደም ስለፈሰሳት በቀዶ ሕክምና አዋለዷት። እሷ በማደንዘዣ ተኝታ ሳለች አንዲት ነርስ ወጥታ "ማየት ትፈልጋለህ?" አለችኝ። እፈልጋለሁ አልኳት። በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ካለው ወንበር ተቀምጬ አሥር ደቂቃ ያህል ያዝኳት። ከዚያ ነርሷ ተመልሳ ወሰደቻት። ባለቤቴ ስትነቃ እሷንም ጠየቋት፤ አልፈልግም ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በማግስቱ አለቃዬ የወርክሾፑን መኪና ይዞ መጣና እኔና እሱ ቀበርናት። ሰውዬው ከጠዋት እስከ ማታ ሲነጫነጭ የሚውል ነው፤ ያን ቀን ግን አንድ ቃል አልተናገረም። ዝናብ አልነበረም፣ ፀሐይም አልነበረም።

ባለቤቴ ከሆስፒታል በወጣች በሦስተኛው ቀን ሥራ ገባሁ። አለቃዬ "ሰውዬ፣ ቤትህ ሂድ እንጂ" አለኝ። ቤት ተቀምጬ ምን እንደማደርግ ስላላወቅኩ እምቢ አልኩት። ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ የወጥ ቤት ካቢኔት ላይ የሚነጠፈው ግራናይት ሲሰነጠቅ ወይም ጠርዙ ሲሸረፍ በየቤቱ እየዞርኩ እጠግናለሁ። ሰዉ ድንጋይ ነው ብሎ አይሳሳለትም። ድስት ይጥልበታል፣ አጥንት ይከሰክስበታል፣ የጋለ መጥበሻ ከእሳት አንስቶ ያሳርፍበታል፣ ከዚያ ሲሰነጠቅ ይገርመዋል። በነዚያ ሳምንታት እንደሠራሁት ያለ ጥሩ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። አልቸኩልም፣ አልሳሳትም። በፊት በቀን ሁለት ቤት እሠራ ነበር፤ ያኔ ሦስት ጨርሼ እመለሳለሁ። ጥርስ ከመነቀሉ በፊት ድድሽን መርፌ ሲወጉሽ ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ፤ ሲነካኩሽ ይታወቅሻል እንጂ አያምሽም። እኔ መላ ሰውነቴ እንደዚያ ነው።

ቤት ውስጥ መነጋገር ቀረ። ተጣልተን አይደለም። ሻይ አፍልታ ታስቀምጥልኛለች፣ እጠጣለሁ፣ ኩባያውን አጥቤ እደፋዋለሁ። ልብስ ስፌቷንም ትታዋለች፤ ሰዎች እንድታሳጥርላቸው ያመጡት ሱሪ ማሽኑ ላይ እንደተቆለለ ነው። አንድ ቀን እየበላን ሳለ "አንድ ቀን እንኳ ስታለቅስ አላየሁህም" አለችኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ እንዲያው የታዘበችውን ነው የነገረችኝ። በማግስቱ ገላዬን ስታጠብ ውኃውን ለቅቄ ለማልቀስ ሞከርኩ። ፊቴን ጨማደድኩት፣ ድምፅም አወጣሁ። ምንም አልመጣም። ቢሰለቸኝ ሳሙናዬን አንስቼ መታጠቤን ቀጠልኩ።

ባለፈው ሐሙስ አብሮኝ የሚሠራው ሰው ታሞ ቀረ። የዚያ ቀን ሥራ ደግሞ ብቻውን ለሆነ ሰው አይመችም። የተሰነጠቀው ከዕቃ ማጠቢያው ፊት ለፊት ያለው ቀጭኑ ቦታ ነው። እዚያ ጋ የድንጋዩ ስፋት አራት ጣት እንኳ አይሞላም፤ ከተሰነጠቀ አንዱ ወገን ይወርዳል። ስለዚህ አንድ ሰው ከሥር ሲገፋ ሌላው ከላይ ማጥበቅ አለበት። ይህንን ለአለቃዬ በስልክ ሳስረዳው ባለቤቴ ሰማችኝ። "እኔ እመጣለሁ" አለች። ከባድ ነገር እንዳታነሺ ተብለሻል ብዬ አስታወስኳት። "አላነሳም፣ አጠብቃለሁ" አለችና ጫማዋን አደረገች። ከሆስፒታል ከተመለሰች ወዲህ ከቤት ስትወጣ ያ የመጀመሪያዋ ነው። በመንገድ ላይ ስንሄድ እኔ የዕቃ ሳጥኑን ያዝኩ፣ እሷ የፀጉር ማድረቂያውን ያዘች። ማድረቂያው የሷ ነበር፤ ዱሮ ለሥራዬ ብዬ ቀምቻት ነው።

የቤቱ ባለቤት ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ትከሻው በሩን የሚሞላ ሽማግሌ። "ሠላሳ ስምንት ዓመት ስነዳ የሰው መስታወት እንኳ ሰብሬ አላውቅም። አሁን በእርጅናዬ በጉልበቴ ድንጋይ ሰበርኩ" አለን። አምፖል ሊቀይር ነው ጠርዙ ላይ ተንበርክኮ የወጣው። ሚስቱ ልጃቸው ዘንድ ከርማ ቅዳሜ ትመለሳለች፤ እሷ ሳትመጣ እንዲጠገንለት ነው ችኮላው። "በመሰላል ውጣ ብላኝ ነበር የሄደችው። መሰላሉም ያውና፣ ከበሩ ኋላ ቆሟል" ብሎ በጣቱ አሳየን። ባለቤቴ ፈገግ ያለች መሰለኝ፤ እርግጠኛ አይደለሁም።

ስንጥቁን አጥቤ በፀጉር ማድረቂያው አደረቅኩት። ከግራና ከቀኙ አየር ስበው ድንጋዩ ላይ የሚጣበቁትን የላስቲክ መምጠጫዎች ለጥፌ በብሎን አያያዝኳቸውና እኔ ካቢኔቱ ውስጥ በጀርባዬ ተንጋለልኩ። የወረደውን ወገን በእንጨት ወደ ላይ እገፋለሁ፣ እሷ ከላይ ሆና ጥፍሯን በስንጥቁ ላይ እየሳበች ትነግረኛለች። "ገና ጥፍሬን ይይዘዋል" አለች። ጨመርኩ። "ትንሽ አለው።" ጨመርኩ። "በቃ፣ እዚያው ላይ ተወው" አለችና ብሎኑን አጠበቀችው። ወጥቼ በራሴ ጥፍር ስሞክረው አንድ ወጥ ሆኗል። አብሮኝ የሚሠራው ሰው በሁለት ዓመት ያልለመደውን እሷ በአንድ ጊዜ አወቀችበት።

ቀጥሎ ቀለሙ ነው። ሙጫው ከድንጋዩ ጋር እንዲመሳሰል ቀለም ይገባበታል። እኔ ጥቁሩን ልጨምር ስል እጄን ያዘችኝ። "ይሄ ጥቁር አይደለም እኮ፣ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ነው" አለች። ዕድሜዋን ሙሉ ክር ከጨርቅ ስታመሳስል የኖረች ሰው ናት። የበጠበጥኩትን በእንጨት ጫፍ ትጠቅስና መስኮቱ ጋ ወስዳ ታየዋለች፤ ተመልሳ "ቡናማ ጠብ አድርግበት" ትለኛለች፤ እንደገና ትሄዳለች። አራቴ ተመላለሰች። ይህን ያህል ቃል ከአፏ ሲወጣ ከሰማሁ ሰንብቼ ነበር። በመጨረሻ ማጠንከሪያውን ጨምሬ አዋሃድኩና ስንጥቁን ሞላሁት። ከዚያ እስኪደርቅ አንድ ሰዓት መጠበቅ ነው።

ሹፌሩ ሻይ ቀዳልን። ስለ ድሮ መንገዶች፣ ተሳፍረው ስለሚያንቀላፉና መውረጃቸው ካለፈ በኋላ እሱን ስለሚቆጡ ሰዎች አጫወተን። ከዚያ "ልጆች አሏችሁ?" አለን። ይህን በየቤቱ እጠየቃለሁ፤ "ገና ነን" ብዬ ነው የማልፈው። ያንኑ ልል ስል ባለቤቴ ቀደመችኝ። "አንዲት ሴት ልጅ ነበረችን። ሞታ ተወለደች" አለችው።

ሰው ይህን ሲሰማ የሚለውን ታውቂዋለሽ፤ ገና ወጣት ናችሁ፣ ሌላ ይሰጣችኋል፣ ለበጎ ነው። ሹፌሩ ከነዚህ አንዱንም አላለም። ኩባያውን አስቀመጠ። ከዚያ "ማንን ትመስል ነበር?" ብሎ ጠየቀ።

ባለቤቴ ልትመልስ ነበር፤ መልስ ግን አልነበራትም። አላየቻትማ። ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። በሰባት ሳምንት ውስጥ እንዳየኋት እያወቀች አንዴም ጠይቃኝ አታውቅም፤ እኔም አንዴም ነግሬያት አላውቅም። እሷ ኋላ እንደነገረችኝ፣ "ፊቴን ካዞርኩባት በኋላ በምን አፌ እጠይቃለሁ" ብላ ነው። እኔ ደግሞ ካልጠየቀችኝ መስማት አትፈልግም ብዬ ነው።

"እናቴን ነው የምትመስለው" አልኩ። ድምፄ ምንም አልሆነም፤ ስለ ሙጫው የማወራ ነበር የሚመስለው። "ግንባሯ እንደ እናቴ ሰፊ ነው። ቅንድቧ ገና መስመር ብቻ ነበር። ጣቶቿ ግን ያንቺ ናቸው፣ ረጃጅም ናቸው። ቀኝ እጇን ጨብጣ ነበር፤ ጣቴን አስገብቼ ከፈትኩት፤ ጥፍር አውጥታለች። ፀጉሯ ብዙ ነው። ስይዛት ገና እርጥብ ነበር።" ባለቤቴ እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ የገዛ ጣቶቿን ታያለች። ከዚያ አለቀሰች። ሹፌሩ ተነስቶ ወደ ጓሮ ወጣና በሩን ቀስ አድርጎ ገጠመው። እኔ አላለቀስኩም። እጄ ላይ ሙጫ ስለነበረ በክንዴ አቀፍኳት። ክንዴን አልገፋችውም።

ሙጫው ሲደርቅ ትርፉን በምላጭ ላጨሁት፣ ከዚያ ውኃ እያፈሰስኩ ከሻካራው ብርጭቆ ወረቀት ጀምሬ እስከ ልሙጡ ድረስ አሸሁት። ሹፌሩ ተመልሶ ገባና ጎንበስ ብሎ ተመለከተው። "ሚስቴ ታየዋለች?" አለኝ። እውነቱን ነገርኩት፤ የማያውቅ ሰው አያየውም፣ የት እንደነበረ የሚያውቅ ግን ያየዋል። ትንሽ አሰበና "እንግዲያው እነግራታለሁ። ካልነገርኳት ብቻዬን ሳየው ልኖር ነው" አለ። ስንወጣ የባለቤቴን እጅ በሁለት እጁ ይዞ ብዙ ቆየ። ምን እንዳላት አልሰማሁም።

ከዚያ ቀን ወዲህ በየቀኑ አንድ ነገር ትጠይቀኛለች። አንድ ቀን "ትከብድ ነበር?" አለችኝ፤ አንድ ቀን "አፏ ተከፍቶ ነበር?" አለችኝ። የማስታውሰውን እነግራታለሁ። የማላስታውሰውን አላስታውስም እላታለሁ፤ ፈጥሬ አልነግራትም። ትናንት ከተቆለሉት ሱሪዎች ሁለቱን አሳጥራ ለባለቤቶቻቸው ሰጠች። እኔ ግን ያው ነኝ፤ ላንቺማ አልዋሽም። ስሠራ እውላለሁ፣ ማታ ስተኛ እንቅልፍ ይወስደኛል፣ ሕልም እንኳ አላይም። ሕመሙ መንገድ ላይ ይሁን ወይም ጭራሹን የማይመጣ ይሁን አላውቅም። አንቺ ነሽ ያሳደግሽኝ፤ ልጅ ሳለሁም እንዲህ ነበርኩ እንዴ? ካስታወስሽ ጻፊልኝ።

አሁን የምለምንሽ ለእማዬ እንድትነግሪልኝ ነው። ስለዋሸኋት ይቅር እንድትለኝ ንገሪያት። የልጅ ልጇ የሷን ግንባር ይዛ እንደነበረም ንገሪያት፤ ይህን ሳትነግሪያት እንዳትቀሪ። ስታለቅስ ደግሞ "በቃሽ፣ በቃሽ" ብለሽ አታስቁሚያት። የፈለገችውን ያህል ታልቅስ። ከኛ ወገን አንድ ሰው እንኳ በደንብ ያልቅስላት።

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ባለቤትሽን እንደ ታላቅ ወንድሜ እጅ እነሳለሁ በይልኝ። ለትልቋ ልጅሽ ውጤቷ ምንም ይሁን ምን አጎትሽ ይኮራብሻል በያት፤ ትንሹን ሁለቱን ጉንጮቹን ሳሚልኝ። እየመጡ ስለኔ የሚጠይቁ ጎረቤቶችንም ሰላም በይልኝ፤ የምትነግሪያቸውን መጥነሽ ንገሪያቸው። ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጣ ቁልፍ እየተከለች ነው፤ ለሁላችሁም ሰላም በልልኝ ብላለች። ለእማዬ ራሷ ትጽፍላታለች፣ ጊዜ ስጧት። አሁን ቀና ብላ "ጆሮዋንስ ጽፈሃል?" አለችኝ። አልጻፍኩም ነበር። ጆሮዎቿ ትንንሽ ነበሩ፤ የግራው ጫፉ ላይ ትንሽ ታጥፏል።

ታናሽ ወንድምሽ

ከወርክሾፑ በላይ ካለችው ክፍላችን፣
እሑድ፣ ኅዳር 14 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ