መሹለኪያሽ ልትዘጋ ነበር

እማዬ፣

ከተለየሽን ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። ለጤናሽ እንደምን አለሽ ብዬ እንዳልጀምር ነገሩ ራሴን ያስቀኛል። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ወሬው ልግባ፤ አንቺም ብትሆኚ ወሬ ሲንዛዛ አትወጂም።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ፈተና አርሜ ጨርሼ ከጅማ መጣሁ። አየር ጤና ስወርድ ዝናቡ ተቀበለኝ። ሰፈር እስክደርስ ጫማዬ ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ ብታዪኝ ከደጅ ታስወልቂኝ ነበር። ስገባ አባባ ደረቅ ዳቦ ሻይ ውስጥ እየነከሩ ይበላሉ። ቁርስ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ምሳቸው ነው! እኔ እኮ ጅማ ሆኜ እትዬ ሙሉ ከጎናቸው አሉ እያልኩ ልቤን ጥዬ ነበር የከረምኩት። የት ሄደው ነው ብዬ ብጠይቅ አባባ ሻያቸውን ፉት አሉና ወሬውን ወደ ዝናቡ ወሰዱት።

በኛና በእትዬ ሙሉ ግቢ መሃል ያለው የቆርቆሮ አጥር በዝናቡ ዘሞ ሊወድቅ ደርሷል። አባባ በብሎኬት ሊያሠሩት ከግንበኛ ጋር ተነጋግረው ጨርሰዋል፤ ከዳር እስከ ዳር ግጥም አድርጎ። የእማዬ መሹለኪያስ ብላቸው፣ እሷማ ከተደፈነች ቆየች አሉኝ።

ክው አልኩ። አንዱን ቆርቆሮ በገዛ እጅሽ ነቅለሽ የከፈትሻት ቀዳዳ! እርሾው፣ ጨው፣ ሙቀጫው ሁሉ በሷ ነበር የሚመላለሰው። የመስቀል ክትፎ በሷ ወደኛ ይመጣል፣ የፋሲካ ዶሮ በሷ ወደነሱ ይሄዳል። ወንፊቱማ የማን ቤት እንደሆነ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። እኔ አምና ክረምት ለስልጠና ተይዤ አልመጣሁም፤ ለሙት ዓመትሽ ሁለት ቀን መጥቼም በድንኳኑ ግርግር ልብ አላልኩም።

ለካ በአርባሽ ማግስት እትዬ ሙሉ ከወዲያ በኩል ቆርቆሮ መትተውባታል። አባባ ወዳጅነታቸው ከሚስቴ ጋር ነበር፣ እሷ ስትሄድ በራቸውን ዘጉብኝ ብለው ተቀይመዋል። ጠይቀው ይሆን? በጭራሽ! ባልሽን ታውቂያቸዋለሽ።

ምላሴን ደግሞ አንቺ ታውቂዋለሽ። ግንቡ ከቆመ አባባ በቃ ብቻቸውን ሊቀሩ ነው ብዬ ተነሳሁ፤ መጣላትም ካለ ልጣላ። በዋናው በር ወጥቼ፣ ጭቃውን ዞሬ፣ እትዬ ሙሉን አንኳኳሁ። አቅፈው ስመው ሳይጨርሱ ለምን ዘጉብን አልኳቸው። ቁጭ አሉ።

በአርባሽ ማግስት ጠዋት ጎመን በሳህን ይዘው፣ እንደ ልማዳቸው በመሹለኪያዋ ገቡ አሉ። ማድቤቱ በር ላይ ቆመው ስምሽን ጠሩ። ዝም ስትያቸው ደግመው ጠሩ። ትዝ ያላቸው ያኔ ነው። ሳህኑን እንደያዙ ተመለሱ፣ ያንኑ ቀን ቆርቆሮ መቱባት። እግሬን አላመንኩትም ልጄ፣ ነገም ይወስደኝ ነበር አሉኝ። አባትሽም መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላምታቸው ባርኔጣ ከማንሳት አያልፍም፣ ከብጃቸው ነው ብዬ ተውኩ አሉ። እማዬ፣ እዚያው ሆነን ሁለታችንም አለቀስን።

ተመልሼ ለአባባ ቃል በቃል ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ አደረጉት፣ እንደገና አውልቀው ጠረጉ። ጠዋት ግንበኛው ሲመጣ ለበር ቦታ ተውልኝ አሉት። ከዚያም ተከተይኝ ብለውኝ አየር ጤና ወደሚገኝ ብየዳ ቤት ሄድን።

በያጁ መቀርቀሪያው በየትኛው በኩል ይሁን ብሎ ጠየቀ። በየትኛውም አይሁን አሉት። መቀርቀሪያ የሌለው በር ምን ይሠራል ብሎ ሳቀና፣ ሜትሩን ዘርግቶ ቁመቱስ አላቸው። አባባ ሜትሩን አላዩትም። መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ፣ ከሸሚዝ ኪሳቸው ትንሽ ከፍ አድርገው አስቀመጡና፣ እስከዚህ አሉ። አባት፣ አጭር ነው እኮ፣ ራስዎን ይመታዎታል አላቸው። ይበቃታል አሉት።

እኔ ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርኩ። ታክሲ የምፈልግ መሰልኩ።

በሩ ባለፈው እሁድ ተገጠመ። በማግስቱ እትዬ ሙሉ ቆጮና ጎመን ይዘው ገቡ፤ አባባም ከመቀመጫቸው ተነስተው ተቀበሏቸው። ከዓመት በላይ ያልተነጋገሩትን በአንድ ከሰዓት ጨረሱት፤ እኔን ማን ሰምቶኝ! አባባ ጎመኑን ሁለቴ አስጨመሩ። አሁን ምሳቸው ምሳ ሆኗል።

መስከረም ሲጠባ ወደ ተማሪዎቼ እመለሳለሁ፤ ዘንድሮ ግን ጭንቀት ይዤ አልሄድም። ቤትሽ ደህና ነው እማዬ፣ እመኚኝ። ወደ እትዬ ሙሉ የሚሻገር ሰው ሁሉ ባንቺ ቁመት ልክ ጎንበስ ይላል፤ አባባም ሳይቀሩ። ቁመቴን ከሳቸው የወረስኩት እኔ ግን፣ ረስቼ ሁለቴ ግንባሬን ገጭቻለሁ።

ለሦስተኛ ጊዜ አልረሳም።

ረጅሟ ልጅሽ