በሐመሩ ሐ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11። ረፋድ
መብራት ሄዶ መጣ። ሰርቨሩ እስኪነሳ ስጠብቅ ፕሮግራማችንን ከሚጠቀመው ክሊኒክ ተደወለ። ከቱላ የመጡ እናት፣ እማማ ሐና። የድሮ ካርዳቸው በሐመሩ ሐ ነው። የካርድ ክፍሏ ልጅ በሃሌታው ጻፈች፤ የእኛ ፕሮግራም "አልተገኘም" አላት። አዲስ ካርድ አወጣችላቸው። ፔኒሲሊን እንደማይስማማቸው የተጻፈው አሮጌው ላይ ነበር። ተወጉ። ፊታቸው አበጠ፣ ትንፋሽ አጠራቸው። ተርፈዋል።

ለልጅቷ ነገርኳት፦ እስኪስተካከል በሁሉም ሀ ፈልጊ።

ደብተሬ፣ ኮድ ስለማታውቂ ልንገርሽ። ፕሮግራሙ ተገጣጥሞ ከመላኩ በፊት ራሱን የሚፈትንበትን ቴስት ክረምቱን ሙሉ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንዱ ከወደቀ ቀይ ይበራል፣ መላክ ይቆማል። ሀ፣ ሐ፣ ኀ እንደ አንድ ይፈለጉ የሚል ቴስት ነበረኝ። ታዲያ እንዴት አለፈ?

ያው ቀን፣ 9 ሰዓት
አገኘሁት። ቡድን መሪያችን በረከት ፍለጋውን ላፍጥን ብሎ ነካካው። ቴስቴ ወደቀ። ፍለጋውን በማስተካከል ፈንታ ቴስቱን ሰረዘው። ማን፣ መቼ እንደነካ ሁሉም ተመዝግቧል። ስሙ አለ።

ረቡዕ
ስብሰባ። በረከት ወደ እኔ እያመለከተ፣ "የፍለጋው ክፍል የእሷ ነው" አለ። መዝገቡን ላሳይ ስል ሥራ አስኪያጇ ወ/ሮ አስቴር አስቆሙኝ። እስከ ዓርብ ጥፋቴን አምኜ ደብዳቤ እንድፈርም አዘዙኝ። በር ላይ በረከት ቀስ ብሎ፣ "የኔ እህት፣ ፈርሚና ይለፍ። ማን ያስታውሰዋል?"

ሐሙስ
ከመናኸሪያ ባጃጅ ይዤ ቱላ። እማማ ሐና ዓይናቸው ገና እንዳበጠ ነው። የሆነውን አስረዳኋቸው። ስሜ መጽሐፍ ቅዱሱ ላይ በሐመሩ ነው አሉ። ቀጥለው፣ "እና ልጄ፣ ስሜን ልቀይር?"

ስመለስ መንገዱን ሁሉ ተናደድኩ።

ዓርብ፣ 4 ሰዓት
ቴስቱን መለስኩት። እሱ ሳያልፍ ምንም እንዳይላክ አሰርኩት። ስሙ አሁን "እማማ ሐና" ነው። ቀይ በራ። ፍለጋውን ማስተካከል እስከ ሰኞ ይፈጃል። በረከት ግን አዲሱን ፕሮግራም ዛሬ ሊልክ ቃል ገብቷል። ቴስቱን አጥፊልኝ አለ። ለመነ፣ ተቆጣ፣ "አንቺ ደረቅ" አለኝ። ኪቦርዱን ገፋሁለት። አንተ አጥፋው፣ ስምህ ይመዘገባል አልኩት።

እጁን ኪሱ ከተተ።

5፡10
ወ/ሮ አስቴር ጠሩኝ። ደብዳቤው ሳይፈረም በእጄ ነው። ከሥሩ መዝገቡን አትሜ አያይዣለሁ። ቢያባርሩኝም ቀዩ ይቆያል። አልፈርምም።