ጠበል የነካው ሚዛን

ናይሮቢ፣ ኅዳር 20 ቀን 1999 ዓ.ም.

ውድ ጋሼ ባንታየሁ፦

የሐዋሳ አየር ለጉልበትዎ ተስማማዎት? ባለቤትዎ እትዬ ፋንቱ ትናንት ማታ በስልክ «አለፍን!» ብለው ሲጮሁብዎት አጠገባቸው ነበርኩ። ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ክሬዲታቸው አለቀ። ዝርዝሩን እንግዲህ እኔ ልጻፍልዎት፤ ብቻ እባክዎ እትዬ ፋንቱን እንዳይቆጧቸው!

እንደሚያውቁት ፋብሪካዎቹ «እውቅና ከሌላችሁ ሚዛናችንን ሌላ ጋ እናስፈትሻለን» ብለውን ነበር። እርስዎ የለፉበት የሚዛን መፈተሻ ቤታችን መዘጋት አለመዘጋቱ በትናንቱ ግምገማ ላይ ነበር። ከእውቅና ሰጪው መሥሪያ ቤት የተላከችው ገምጋሚ እያየችኝ፣ ከሻይ ፋብሪካ የመጡትን የመመዘኛ ክብደቶች ከእኛ ዋና ክብደቶች ጋር ማመሳከር ነበረብኝ።

ጠዋት ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ያለው ቤታችን ስደርስ እትዬ ፋንቱ ከኢስትሊ ሰፈር በማታቱ ታክሲ ቀድመውኛል። ዘበኛው «ማማ» ብሎ ከፍቶላቸው፣ ባዶ ጠርሙስ ይዘው ከሚዛን ክፍሉ ይወጣሉ።

«እትዬ፣ ምን አደረጉ?»

«የኅዳር ሚካኤልን ጠበል ረጨሁት። አራቱንም ማዕዘን!»

«ውስጡን?»

«ታዲያ ውጭውን ልርጭልሽ?»

ወይ ጉድ! ወለሉ ርሷል፤ የእርጥበት መለኪያው ከልኩ በላይ ወጥቷል። እርስዎ እርጥብ ጃንጥላ እንኳ የማያስገቡበት ክፍል እኮ ነው!

ወዲያው ገምጋሚዋ ከች አለች። ከቀትር በኋላ በረራ ስላላት ቸኩላለች። «እንጀምር» አለችኝ። እውነቱን ልንገርዎት ጋሼ፣ ዝም ብዬ ልጀምር ብዬ ነበር። እጄ ግን እምቢ አለኝ። እርስዎ ያስለመዱት እጅ ነዋ!

«ይቅርታ፣ ክፍሉ እርጥብ ነው፤ እርጥበት ልኩን ያዛባል። እስኪደርቅ አልመዝንም።»

«በረራዬስ?»

«ቢያመልጥዎትም አልመዝንም» አልኩ። ስናገረው ቤቱ ሲዘጋ ታየኝ።

«ምን አረጠበው?»

እትዬ ፋንቱ ከበሩ ላይ በስዋሂሊ «እኔ ነኝ! በረከት ነው» አሏት።

ሴትዮዋ ሳቋ አመለጣት። «የእኔም እናት ፈተና በደረሰ ቁጥር ትረጨኝ ነበር» አለችና ስልኳን አውጥታ በረራዋን ወደ ማታ አዛወረች።

ክፍሉ እስኪደርቅ እትዬ ፋንቱ ከምግብ ቤታቸው ሽሮ አስመጥተው ሊያጎርሷት ሞከሩ። ሴትዮዋ «ከምንገመግመው ቤት አንበላም» ብላ እምቢ አለች፤ እትዬም አኮረፉ። እኔ ፈርቼ ልሞት፣ እሳቸው ለጉርሻ ይከራከራሉ! ከሰዓት በኋላ እርጥበቱ ወደ ልኩ ሲመለስ መዘንኩ። አንዱም ክብደት አላሳፈረኝም፤ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ።

ገምጋሚዋ ስትወጣ ጨበጠችኝና «ሲመዝኑ ብዙ ሰው አይቻለሁ። አልመዝንም ያለኝ ሰው ግን እስከ ዛሬ አልነበረም። እውቅናው እንዲሰጣችሁ አሳስባለሁ» አለችኝ። በሩ እንደተዘጋ እልልታችን ጎረቤቱን ሁሉ አስወጣው። ዘበኛው እንኳ ጨፈረ!

እትዬ ፋንቱ ይኸው ከጠዋት ጀምሮ «ጠበሉ ነው ያሳለፈን» እያሉ ኢስትሊን አዳርሰዋታል። ምን ብዬ ልከራከራቸው? ባይረጩት ኖሮ መች አልመዝንም እል ነበር!

ጋሼ፣ ቶሎ ይዳኑልኝ። የምስክር ወረቀቱን ምስማር የሚመቱት እርስዎ ነዎት፤ እስከዚያ ግድግዳውን ማንም አይነካውም። የሚዛን ክፍሉን ቁልፍ ግን ከዘበኛው ተቀብዬ አንገቴ ላይ አስሬዋለሁ። የታኅሣሥ ገብርኤል እየደረሰ ነዋ!

እጇን ያሠለጠኑላት ልጅዎ፣
ዓይናለም