ማዶ ስለቀረው የዛይናቡ መድኃኒት

ለተከበሩ የዕቃ አድራሽ ድርጅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ናይሮቢ

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ቤተሰብዎ ደህና ናቸው? ለባለቤትዎ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ ይህን እንኳ የምለው ከልቤ ነው።

እኔ በታና ወንዝ ዳር ሙዝና ማንጎ የምተክል ገበሬ ነኝ። ድርጅትዎ በሬዲዮ «ጎርፉን ተቋቁመነዋል፤ አንድም ዕቃ አልጠፋብንም» ብሎ ሲያስነግር ሰምቼ፣ እንኳን ደስ ያለዎት ልልዎት ብዕር አነሳሁ። እውነት ነው፣ አልጠፋም። ጤና ጣቢያችን ውኃ ውጦት ስለነበር በእናንተ በኩል ያስመጣነው የሚስቴ የዛይናቡ የስኳር መድኃኒት የት እንዳለ መንደሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። ከወንዙ ማዶ የቆመው መኪናችሁ ከደጃፌ ይታየኝ ነበር።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

1. በእኛ በኋላ ቀሮቹ ዘንድ፣ ወንዙ መንገድ ሲቆርጥ ሾፌሩ ማዶ ቆሞ የባለ ዕቃውን ስም ይጠራል፤ ከወዲህ «አቤት፣ ጎረቤቴ ነው!» ያለ ሰው በታንኳ ተሻግሮ ያመጣለታል። ፊርማ የለ፣ ምን የለ። እናንተ ግን ዕቃውን የሚረከበው ባለ ዕቃው ራሱ፣ በስልኩ የተላከለትን ቁጥር ሲናገር ብቻ ነው ብላችሁ ከዚህ ጉድ ስላወጣችሁን እናመሰግናለን።

2. ቁጥሩ የሚመጣበትን የስልክ ማማ ጎርፉ እንደሚጥለው ስላላሰባችሁ አልቀየምም። ሰው ሁሉን ሊያስብ አይችልም።

3. ባለ ታንኳው ጂሎ ተሻግሮ «አንተ ልጅ፣ በአላህ ይዤሃለሁ፣ ሴትዮዋ ልትሞትብን ነው፣ ስጠኝ!» ቢለው፣ ሾፌራችሁ ካዙንጉ «ወንድሜ፣ ከሥራ ያባርሩኛል፤ እባክህ፣ ቁጥሩ እንኳ ቢቀር እሷኑ አምጣልኝ» ብሎ አለቀሰ። ልጁን አትቅጡብኝ፤ ሕጋችሁን አክብሯል።

እኛም ታዘዝን። ዛይናቡን ታንኳ ላይ አስተኝተን ወንዙን ገባንበት። መሐል ላይ ስንደርስ ቀና ብዬ ባይ መኪናው የለም። ለካ ዕቃው ውኃ እንዳይነካው ቶሎ እንዲመለስ በመኪናው ሬዲዮ አዛችሁት ኖሯል! እሷ እጄን እንደያዘች «ኮሞራ፣ ደረስን?» አለችኝ። «አዎ፣ ደርሰናል» አልኳት። ዋሸኋት፣ ጌታዬ፤ ምን ልበላት? ማዶ ሳንደርስ እጇ ከእጄ ላላ። ከዚያ ወዲህ ወንዙን ማየት አልቻልኩም፤ ቤቴ ደግሞ ወንዙ ዳር ነው።

ለዕቃ ያላችሁን ርኅራኄ እያደነቅሁ፣ ይኸው ርኅራኄ ለሰውም የሚተርፍበትን ዘመን በትሕትና የምጠባበቅ፣

ታዛዥዎ
ኮሞራ ቡያ፣ የዛይናቡ ባል የነበርኩት

ማስታወሻ፦ ትናንት ከቢሮዎ አንዲት ትሑት ልጅ ደውላ፣ መንገዱ ስለተከፈተ መድኃኒቱ ተመልሶ እንደሚላክ አበሰረችኝና «ወይዘሮ ዛይናቡን መቼ እናገኛቸዋለን?» ስትል ጠየቀችኝ። በተመቻችሁ ጊዜ ኑ፤ ከእንግዲህ የትም አትሄድም።