አሥራ አንድ ወረቀት፣ አንድ መልስ

ግንቦት 5 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ ቢቸና
የቅዳሜው ክፍል አለቀ። ምዕራፍ ሰባት፣ ሁሉም በቃላቸው። ይበልጣል ሁለቴ ተደናቀፈ፤ እንደገና አስጀመርኩት። ተማሪዎቼ እንደኔው መምህራን ናቸው፤ አንዳንዶቹ አያት ሆነዋል። ቢሆንም ዩኒቨርሲቲው በሥራ ላይ ላሉ መምህራን የላከው መጽሐፍ እንደ ዳዊት መደገም አለበት። አባቴ እኔን ያስተማሩኝ እንደዚያ ነው። ያለ ሰርተፍኬቱ ደግሞ የደረጃ እድገት የለም።

ሰኔ 20
ማስታወሻዬ፣ ጉድ መጣ። ከዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ። የቢቸናና የሞጣ አሥራ አንድ መምህራን የፈተና ወረቀት ቃል በቃል አንድ ሆኖ ተገኝቷል፤ ተኮራርጀዋል ይላል። ፈታኟ እኔ ነበርኩ፤ ማንም ቀና አላለም! የተለየችው አንዲት ብቻ፣ የሞጣዋ ወ/ሪት አስካለ። በቃሌ አልይዝም ስላለች ኅዳር ላይ ከክፍል ያስወጣኋት፤ ለብቻዋ አጥንታ ነው የተፈተነችው።

ሰኔ 23
ዝናብ። ደ/ማርቆስ ያለችው የእህቴ ልጅ ትጠብቀኛለች፤ ዕቃዬ ታስሯል። እንዴት ልሂድ? ዝም ብል ሌባ ይባላሉ። ጥፋቱ የእኔ ነው ብል ክፍሉ ያለ አስተማሪ ይቀርና ይዘጋል። ይበልጣል መጣ። ስንሰንፍ ተቆጡን እትዬ፣ ስናጠና ደግሞ ሌቦች ሆንን፤ ይምረጡልን አለኝ። ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ሰኔ 29፣ ከቀኑ 10 ሰዓት
የዩኒቨርሲቲው ሰው ላንድሮቨሩ እስከ ጣራው ጭቃ ለብሶ ደረሰ። በቃል ያስያዝኳቸው እኔ ነኝ አልኩት። አላመነም። ይጠየቁ አልኩ።
ጠየቀ፣ ግን በመጽሐፉ ቃል አይደለም። ይበልጣል ምዕራፍ አራትን ከመጀመሪያው መስመር ጀመረ። በቃህ ቢባልም አንቀጹን ሳይጨርስ መቆም አልቻለም። ሁሉም ከንፈሬን ያያሉ። ለካ አብሬ እያነበነብኩ ኖሯል።
የአስካለ ተራ ሆነ። ‹‹የእኔ ክፍል ሰማንያ አራት ልጅ አለው። መጽሐፉ የሚያወራው ስለ ሃያ ነው። ስልሳ አራቱን የት ላድርሳቸው፣ ጌታዬ?›› ሰውዬው ሳቀ። ኅዳር ላይም ይህንኑ ነበር ያለችኝ።

ሰኔ 30
ፍርዱ፦ ሌቦች አይደሉም፤ ግን ገና አልተማሩም። መስከረም ላይ ድጋሚ ፈተና። እኔ እንዳላስተምር። ክረምቱን ከአዲስ አበባ የሚመጣ የለም፤ ከመካከላችሁ አስተማሪ ካልተገኘ ክፍሉ ይዘጋል፣ ስም ስጪኝ አለኝ። ብዕሩን ይዤ ቆየሁ። የአስካለን ስም ጻፍኩ።

ሐምሌ 2
አስካለን ለመንኳት። ስለ ኅዳሩም ይቅርታ ጠየቅሁ፤ አፌን እንደ ግራዋ መረረኝ። እርስዎ ባሉበት ማን አፉን ይከፍታል፣ እትዬ፣ ከክፍል ይውጡልኝ አለች። እሺ አልኩ። ደ/ማርቆስ እንዳልሄድ መንገዱ በጭቃ ተዘግቷል፤ መኪና የለም። ቤቴና ክፍሉ የሚለያዩት በአንድ የጭቃ ግድግዳ ነው።

ሐምሌ 8፣ ቅዳሜ ጠዋት
ጀመሩ። በሬንም መስኮቴንም ዘግቻለሁ። ሁሉም ይሰማኛል። ይበልጣል ተሳሳተ። አላረመችውም! ለምን እንዲህ አልክ አለችው። ዝም። መልሱ አጠገቤ ነው፣ ገጽ 41፣ ከላይ ሦስተኛው መስመር። አንድ ቃል ብወረውርለት በግድግዳው ያልፋል። ግራ እጄን አፌ ላይ አድርጌ በቀኜ ይህን እጽፋለሁ።