በማደንዘዣ ውስጥ የሰማሁት

እኔ፣ አርባ አንድ ዓመት የሰውን አንጎል ስመረምር የኖርሁ የሰባ ስምንት ዓመት አሮጊት፣ ዛሬ ማክሰኞ ጥር 19 ቀን በሆስፒታል አልጋዬ ላይ ሆኜ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ በሙሉ አእምሮዬ፣ ለጸሐፊ እየነገርሁ ይህን እናዘዛለሁ። ስለ አእምሮዬ ጤንነት ከእኔ የተሻለ ባለሙያ ካለ ይቅረብ።

ቤቴን ከነዕቃው ለአንዲት ልጄ ሰጥቻለሁ። ፒያኖው ብቻ የእህቴ ይሁን፤ ሠላሳ ዓመት ተመኝታዋለች። መጫወት ስለማትችል ጎረቤቶቿን ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የምርምር መሣሪያዎቼንና መዛግብቴን በሙሉ «ግን» ብለን ለምንጠራው የቀድሞ ተማሪዬ ሰጥቻለሁ። ምክንያቱም ይህ ነው። ስለ ንቃተ ኅሊና ያቆምሁት ንድፈ ሐሳብ፣ ሰው የተሰማውን በቃል ወይም በምልክት መግለጽ ካልቻለ ውስጡ ማንም የለም ይላል። ይህ ልጅ በጉባኤ መካከል ተነሥቶ፣ «ግን ፕሮፌሰር፣ ሰውየው ውስጥ ሆኖ በሩን መክፈት አቅቶት ቢሆንስ?» አለኝ። መልስ ስላጣሁ አባረርሁት። ዐሥራ አንድ ዓመት ሆነው።

ባለፈው ሳምንት የሐሞት ጠጠር ሊያወጡልኝ ሲቀድዱኝ፣ በማደንዘዣው መካከል ነቃሁ። ሕመም የለም፤ ጣቴም አይታዘዝልኝም። እኔ ግን ውስጥ ነበርሁ! እዚህ ለምስክርነት የቆመው ቀዶ ሐኪም ለማደንዘዣ ባለሙያው፣ «አማቴ ለአንድ ሳምንት ብላ መጥታ ስድስት ወሯ፤ እስቲ እሷንም አደንዝዝልኝ» ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። ሐኪሙ አሁን ፊቱ በርበሬ መምሰሉን ጸሐፊው ይመዝግብ።

እንግዲህ ልጁ ልክ ነበር፤ እኔ ተሳስቻለሁ። በቁሜ ለመናገር ኩራቴ ስላልፈቀደልኝ፣ ከቀብሬ በኋላ ይነበብለት።

እዚህ ላይ ሐኪሙ፣ «ኧረ እማማ፣ የምን ቀብር? ሐሙስ ወደ ቤትዎ ይገባሉ እኮ!» አለ።

ደነገጥሁ። «ታዲያ በገዛ አፌ ይቅርታ ልጠይቀው ነው?»

ልጄ ስልኳን አወጣች። «እማዬ፣ ልደውልለት?»

«ደውይ» አልሁ። ሲያነሣው፣ «ልክ ነበርህ፤ በድዬሃለሁ» አልሁት።

«ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የምመልስልዎትን ስለማመድ ኖሬ፣» አለኝ፣ «አሁን ጠፋብኝ።»

«ሐሙስ መጥተህ ውሰደኝ፤ መንገድ ላይ ታስታውሰዋለህ።»

ስለዚህ መሣሪያዎቹን በሕይወቴ ሳለሁ ይረከባል። የቀረው እንደ ቃሌ ይጽና።

ተናዛዥ፦ በእጄ ፈርሜያለሁ።

ምስክሮች፦ ቀዶ ሐኪሙ፤ የክፍሉ ነርስ፤ የጽዳት ሠራተኛዋ። አራተኛ፣ የአልጋ ጎረቤቴ ጡረተኛ ባቡር ነጂ፤ እንቅልፍ የወሰደው መስሎን ነበር፤ አንድም ቃል ሳያመልጠው ሰምቶ «እኔም ልፈርም» ብሏል።